ተራ ዜጋ ፖለቲካ ውስጥ ምን አገባው?

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር

 

ርዕሱን የመረጡት ወጣቶቹ ናቸው። እኔ የፓርቲ መሪ አይደለሁም፣ ለክኔሴትም ተወዳድሬ አላውቅም። ጠዋት ሥራዬ ሄጄ ማታ ቤቴ የምገባ ሰው ነኝ። የምርጫ ቀን ሲደርስ ግን ቃልፒ ሄጄ ከኮሚቴው ጋር እቀመጣለሁ፤ ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታትም ሰው ቤት እያንኳኳሁ አስረዳለሁ። ሰዎች «ምን አገኘህበት?» ይሉኛል። ወጣቶቹም የጠየቁኝ ይህንኑ ነው።

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላሉ። ይህን ዝም ብለው አልተናገሩትም። በንጉሡ ዘመን አብዛኛው ወገናችን ርስት አልነበረውም፤ የሰው መሬት እያረሰ ከምርቱ እየከፈለ ነበር የሚኖረው። ማንን ይክሰስ? እ.ኤ.አ. በ1975 ደርግ የመሬት አዋጁን ሲያውጅ ተስፋ ታየ። ቀጥሎ የመጣው ግን መቅረት የማይቻልበት የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ነው፤ እጅ አውጡ ሲባል እጅ ይወጣል። በ1984 ኢሠፓ ተመሠረተ፣ ከእሱ ሌላ ፓርቲም አልተፈቀደም። እንግዲህ ወጣቶች፣ እናታችሁ «አርፈህ ሥራህን ሥራ፣ ከመንግሥት ጋር አትነካካ» ስትል ፈሪ ሆና አይደለም። ያየችውን ነው የምትናገረው።

ደግሞ ልብ በሉ። «ንጉሥ አይከሰስ» የሚሉት እነዚያው ሰዎች፣ ከሀገር መውጣት ወንጀል በነበረበት ጊዜ፣ ሌሊት ሌሊት በእግራቸው ወደ ሱዳን ተጓዙ። ብዙዎች በመንገድና በመጠለያው ቀሩ። ማንም ፖለቲካ ብሎ አልጠራውም እንጂ፣ ለእኔ ከዚህ የበለጠ የፖለቲካ ሥራ የለም።

እዚህስ? እዚህ ንጉሥ ይከሰሳል። ፕሬዚዳንት የነበሩት ሞሼ ካጻቭ በ2011 እስር ቤት ገቡ። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ኤሁድ ኦልመርት በ2016 ገቡ። ይህን ለአንድ አዛውንት ሳወራቸው «ይሄማ በመጽሐፋችንም አለ» አሉኝ። ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊትን ፊት ለፊት እንደወቀሰው ነገሩኝ። ንጉሥ ሕጉን አስጽፎ ዕድሜውን ሙሉ እንዲያነበው፣ በወንድሞቹም ላይ እንዳይኮራ ኦሪት እንደሚያዝ ጨመሩልኝ። ስለዚህ ነገሩ ከፈረንጅ የተማርነው አይደለም።

ነገር ግን ሕጉ ስለተጻፈ ብቻ ንጉሥ አይከሰስም። አቤት የሚል፣ የሚመሰክር፣ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። የራሳችንን ታሪክ ተመልከቱ። በ1985 ራባኑት አይሁድነታችንን ተጠራጥሮ ጥምቀት ሲጠይቀን፣ ከመጡ ዓመት እንኳ ያልሞላቸው ሰዎች፣ ዕብራይስጡን ገና ሳይለምዱት፣ ኢየሩሳሌም ራባኑቱ ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀመጡ። ያገኙት ሙሉ ድል አልነበረም። ግን መቀመጥ እንደሚቻል ታወቀ። በጃንዋሪ 1996 የለገስነው ደም እየተጣለ መሆኑ ሲሰማ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ወጣ፤ በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይጽሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። በዚያው ዓመት አዲሱ መሳላ ክኔሴት ገባ፣ ከእኛ የመጀመሪያው። በ2008 ደግሞ ስግድ በክኔሴት ሕግ የሀገር በዓል ሆነ። ከእነዚህ አንዱም በራሱ አልመጣም። ስማቸውን የማናውቅ ብዙ ሰዎች ደብዳቤ ጽፈዋል፣ አውቶቡስ ተከራይተዋል፣ ፀሐይ ላይ ቆመዋል።

አሁን ወደ ቃልፒው ልመለስ፣ የማውቀው እሱን ነውና።

ኮሚቴው ውስጥ የሚቀመጡት የተለያዩ ፓርቲዎች የላኳቸው ሰዎች ናቸው። እንዲህ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ ቀኙ ግራውን ይጠብቃል፣ ግራው ቀኙን ይጠብቃል። ቀኑን ሙሉ ቴኡዳት ዜሁት ታያለህ፣ ስም ታመሳክራለህ፣ ፔቴኮቹ ከመከለያው ጀርባ በቦታቸው መኖራቸውን ደጋግመህ ታያለህ፤ አንድ ሰው የማይወደውን ፓርቲ ፔቴክ ኪሱ ከትቶ ሊሄድ ይችላላ! አሰልቺ ነው። ሲዘጋ ሣጥኑ እዚያው ይከፈታል፣ ፔቴኩ አንድ በአንድ ይነበባል፣ ይመዘገባል፣ ፕሮቶኮሉ ይፈረማል።

እናቶቻችን ሲመጡ ሥራው ሌላ መልክ ይይዛል። የልጅ ልጅ እጃቸውን ይዞ ይመጣና አብሮ ከመከለያው ጀርባ ሊገባ ይላል። ሕጉ በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ብቻውን መምረጥ ለማይችል ሰው ረዳት ይፈቅዳል። ጤነኛ እናት ግን ብቻቸውን ነው የሚገቡት። አንዲት እናት ይህን በአማርኛ ስነግራቸው «ልጄ አያየውም?» አሉኝ። «አያይም።» «አንተስ?» «እኔም አላይም።» ቀረብ ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ «መንግሥትስ?» አሉ። «መንግሥትም አያይም፣ እማማ።» ገብተው ብዙ ቆዩ። ሰልፉ ቢያጉረመርምም ማንም አላስቸኮላቸውም።

እሳቸው ሲወጡ የሌላው ፓርቲ ተወካይ «ምንድን ነው ያልካቸው?» ብሎ በዕብራይስጥ ጠየቀኝ፣ ተረጎምኩለት። አልተቀየምኩም፤ እኔም እሱ በሩሲያኛ ሲያስረዳ እጠይቀዋለሁ። ዴሞክራሲ ሲባል እኔ የሚታየኝ ይህ ነው፤ የማትስማማው ሰው አጠገብህ ተቀምጦ ያይሃል፣ አንተም ታየዋለህ።

«እኛ ጥቂት ነን፣ ድምፃችን ምን ይለውጣል?» የሚለውን ሁሌ እሰማለሁ። ክኔሴት ለመግባት 3.25 በመቶ ያስፈልጋል። በኤፕሪል 2019 አንድ የቀኝ ፓርቲ 3.22 በመቶ አግኝቶ ቀረ፤ የጎደለው ከ1,500 ያነሰ ድምፅ ነው። በ2022 አንድ የግራ ፓርቲ 3.16 በመቶ አግኝቶ በ4 ሺህ ያህል ድምፅ ቀረ። የእኛ ሕዝብ ደግሞ ከ160 ሺህ በላይ ነው። ሒሳቡን ለእናንተ ልተወው።

ሌላው ቅሬታ እውነትነት አለው። ምርጫ ሲደርስ ፖለቲከኞች ይመጣሉ፣ እንጀራ ይበላሉ፣ እስክስታ ይሞክራሉ፣ ከዚያ ለአራት ዓመት አይታዩም። ልክ ነው። ግን ቤት መቀመጥ ይህን አያስተካክልም፤ እንዲያውም ያቀልላቸዋል። ኢሪያው ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ሄዶ «የሰፈራችን ትምህርት ቤት ጉዳይ የት ደረሰ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ በሚቀጥለው ወርም ተመልሶ ሲጠይቅ ነው የሚቸገሩት። ወላጆች፣ ቫአድ ሆሪምም ፖለቲካ ነው። ዕብራይስጥ አይመቸኝም ብላችሁ አትቅሩ፣ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያ ልጁ ቢተረጉም ነውር የለውም።

በ2023 በፍርድ ቤቶች ሥልጣን ጉዳይ ሀገሩ ለሁለት ሲከፈል፣ ልጆቻችን በሁለቱም ወገን ቆመው ነበር። እኔ እዚህ የቆምኩት የትኛው ትክክል እንደሆነ ልፈርድ አይደለም፤ ሁለቱም ሰልፎች ላይ የእኛን ፊቶች ማየቴ ግን አስደስቶኛል።

ወጣቶች፣ በከተማ ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ከ17 ዓመት ጀምሮ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ይህን አታውቁም። ለክኔሴት 18 ነው። ቃልፒ ላይ መቀመጥ የምትፈልጉ ደግሞ የኮሚቴ አባላትንና ታዛቢዎችን የሚልኩት ፓርቲዎቹ ስለሆኑ፣ የምታምኑበትን ፓርቲ ቅርንጫፍ ቀደም ብላችሁ አነጋግሩ። የትኛውን እንደሆነ እኔን አትጠይቁኝ፣ አልነግራችሁም። ቀኑ ረጅም ነው፤ ምሳ ብቻ ሳይሆን እራትም ቋጥራችሁ ሂዱ፣ ቆጠራው ከእኩለ ሌሊት ሊያልፍ ይችላል።