መለኪያውና ማሳው፦ በመድን ሥራ የቴክኖሎጂ አቅራቢዎች ድርሻ



በአገራችን ቦረና የሚለውን ስም የሚጋሩ ሁለት አካባቢዎች አሉ። አንደኛው በደቡብ የሚገኘው የአርብቶ አደሩ ቦረና ሲሆን፣ ሁለተኛው የመካነ ሰላም ከተማ የምትገኝበት የደቡብ ወሎው ቦረና ነው። የስማቸው አንድነት የመልክዓ ምድራቸውን ልዩነት አይሸፍነውም፤ የዚህም ንግግር መነሻ ይኸው ልዩነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ምግብ ፕሮግራም አክሳ ሪ ከተባለው የፈረንሳይ ጠለፋ መድን ሰጪ ጋር ተዋውሎ፣ በ26 የአየር ጠባይ ጣቢያዎች በሚለካ ዝናብ ላይ የተመሠረተ የድርቅ መድን ለኢትዮጵያ ገዛ። አረቦኑ 930,000 ዶላር ነበር፤ በዚያ ዓመት ዝናቡ መልካም ስለነበር ካሣ አልተከፈለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ኒያላ ኢንሹራንስ፣ ኦክስፋም አሜሪካና የትግራይ ተራድኦ ማኅበር ከሌሎች ጋር ሆነው በትግራይ አዲ ሐ ለ200 ያህል አባወራዎች የሰብል መድን አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ጋር በመተባበር በደቡቡ ቦረና የከብት መድን ጀመረ።

የእነዚህ ሁሉ አሠራር መሠረቱ አንድ ነው። የሞተ ከብት መቁጠርና የጠፋ ማሳ መገመት ከአረቦኑ የበለጠ ወጪ ስለሚጠይቅ፣ ዝናቡ ወይም በሳተላይት የሚታየው ልምላሜ በውሉ ከተወሰነው ልክ በታች ሲወርድ ገማች ሳይላክ ካሣ ይከፈላል። ስለሆነም በመድን ሰጪና በመድን ገቢ መካከል ሦስተኛ ወገን ገብቷል፤ ይኸውም መረጃውን የሚያጠናቅረው፣ ቀመሩን የሚያዘጋጀውና ክፍያውን በስልክ የሚያስተላልፈው የቴክኖሎጂ አቅራቢ ነው። ክፍያ የተባለው የአገር ውስጥ ድርጅት ከሆላንዱ ትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ጋር በሰብል መድን ዘርፍ መሥራቱ ለዚህ አንድ ምሳሌ ነው።

በደቡቡ ቦረና ግጦሹ ሰፊ በመሆኑ ለሳተላይት ዕይታ ይመቻል። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ግን ነገሩ ይለያል። ከእ.ኤ.አ. 1981 ጀምሮ ያለውን ዘመን የሚሸፍነው ቺርፕስ የተሰኘው የዝናብ መረጃ ምድሩን እያንዳንዱ ጎኑ አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ በሆነ አራት ማዕዘን ይከፋፍላል። ከቦረናና ከሳይንት ደጋ ጠርዝ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ግን በዚያው ርቀት ውስጥ የገብሱ ማሳ አልቆ የማሽላው ሊጀምር ይችላል። ለሁለቱም የሚሰጠው ቁጥር አንድ ነው። ከዚህም ሌላ የደጋውን ሰብል የሚያጠፋው የዝናብ እጥረት ብቻ አይደለም፤ በረዶና ውርጭም አሉ። በረዶ የአንዱን ገበሬ ማሳ መትቶ የጎረቤቱን ሊተወው ይችላል፤ የዝናብ መለኪያው ግን በዚያ ቀን መልካም ዝናብ መዝገቦ ያልፋል።

ጉዳዩ የቁጥር ጥራት ብቻ አይደለም። ሰብሉ ጠፍቶ መለኪያው ደህና ነው ያለበት ገበሬ፣ አረቦኑን ስለከፈለ መድን ካልገባው ጎረቤቱ የባሰ ድሃ ይሆናል። በመጥፎ ዓመት ይታደገኛል ብሎ የገዛው ውል በዚያው ዓመት ተጨማሪ ኪሣራ ሆነበት ማለት ነው። አቤቱታውን ለማን ያቅርብ? በመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004 መሠረት ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው መድን ሰጪውን ነው፤ ውሉንም ከገበሬው ጋር የሚፈርመው እርሱ ነው። ቀመሩን የሠራው አቅራቢ በውሉ ላይ ስሙ የለም። መድን ሰጪው ደግሞ ቀመሩን መርምሮ የሚያስረዳ ባለሙያ ከሌለው «መሣሪያው እንዲህ ብሏል» ከማለት የተሻለ መልስ አይኖረውም።

በመሆኑም የመሐንዲሶች ሙያ በሦስት ነገሮች ላይ መጽናት ይገባዋል።

አንደኛ፣ መለኪያው ከመሸጡ በፊት በየቀበሌው ከአገሬው ትውስታ ጋር ይመሳከር። ከእ.ኤ.አ. 1981 የሚጀምር መረጃ የ1966ቱን የወሎ ድርቅ አያውቀውም፤ የ1977ቱን ግን ማሳየት አለበት። የ1977ቱን ክፉ ዘመን ሽማግሌዎች በሚያስታውሱበት ቀበሌ መለኪያው በዚያ ዘመን ጉዳት ካላሳየ፣ ለዚያ ቀበሌ አይሸጥ።

ሁለተኛ፣ የስህተቱ ዕዳ በገበሬው ላይ ብቻ አይውደቅ። የአቅራቢው ክፍያ በተሸጠው ውል ብዛት ብቻ የሚወሰን ከሆነ፣ መለኪያውን ለማሻሻል የሚተጋበት ምክንያት ይሳሳል። ከክፍያው ከፊሉ በናሙና ማሳዎች ላይ በሚደረግ የምርት ልኬታ ውጤት ይወሰን፤ መለኪያው የሳተው ቀበሌም ገበሬዎች የሚካሱበት መጠባበቂያ ገንዘብ በውሉ ይያዝ።

ሦስተኛ፣ ሳተላይትም ዕድሜ አለው። ለልምላሜ ልኬታ ብዙ ያገለገለው ቴራ ወደ ህዋ የተላከው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። አንዱ መሣሪያ በሌላ ሲተካ ቁጥሩ ይለወጣል፤ ከቁጥሩም ጋር ካሣው። ስለዚህ ቀመሩና መረጃው በአቅራቢው እጅ ብቻ ሳይቀር ለመድን ሰጪው በሙሉ መተላለፍ አለበት።

ቴክኖሎጂው ቀድሞ ሊደረስበት ወዳልተቻለው ገበሬ መድንን ማድረስ ችሏል፤ ይህ ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ሆኖም ውሉ ምን እንደሚሸፍንና ምን እንደማይሸፍን፣ በረዶውና ውርጩ በውስጡ እንደሌሉ፣ ገበሬው አረቦኑን ከመክፈሉ በፊት በቋንቋው ሊነገረው ይገባል። ይህን መናገር ሽያጩን ሊቀንስ ይችላል። ሳይነገረው የገዛ ገበሬ ግን ካሣ ባጣበት ዓመት መድን የሚባለውን ሁሉ ይተዋል፤ ጎረቤቶቹም የእርሱን አይተው ይተዋሉ።