አዲስ ዲስክ ገብቶለት የማይነሣ ኮምፒዩተር
(ለማኅበሩ አባላት በባሕር ዳር የቀረበ ንግግር)



ወደ ጣና ሐይቅ የሚገቡ ወንዞችና ጅረቶች ብዙ ናቸው፤ ዋናዎቹም ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ናቸው። የሐይቁ የተፈጥሮ መውጫ ግን አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በባሕር ዳር በኩል የሚወጣው ዓባይ ነው። የኮምፒዩተር ዲስክም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። በውስጡ እልፍ ፋይል ቢከማችም ሥራ የሚጀመርበት በር ጠባብ ነው። አዲስ ዲስክ የተገጠመለት ኮምፒዩተር አልነሣ ሲል፣ ብዙ ጊዜ የታመመው ዲስኩ ሳይሆን ይህ በር ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ በሐይቁ ዳርቻ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የውሃውን ከፍታ በየቀኑ የሚመዘግብ ኮምፒዩተር አለ እንበል። አሮጌው ዲስክ ስለዘገየ አዲስ ኤስኤስዲ ተገዛ። ቴክኒሺያኑም አሮጌውን ሳይነቅል አዲሱን ከጎኑ ገጥሞ ዊንዶውስን ጫነበት፤ ኮምፒዩተሩም ፈጥኖ ተነሣ። አሮጌው ዲስክ በተነቀለ ጊዜ ግን በጥቁሩ ስክሪን ላይ ማስነሻ አልተገኘም የሚል መልእክት ብቻ ታየ።

ምክንያቱ ስውር አይደለም። የዊንዶውስ መጫኛ በአሮጌው ዲስክ ላይ ቀድሞ የተዘጋጀ የማስነሻ ክፍል ካገኘ፣ አዲሶቹን የማስነሻ ፋይሎች ብዙ ጊዜ እዚያው ያኖራቸዋል። ስለዚህ ቤቱ በአዲሱ ዲስክ ላይ ሲሠራ ቁልፉ በአሮጌው ላይ ይቀራል። መፍትሔው ዊንዶውስ በሚጫንበት ጊዜ ሌሎቹን ዲስኮች ነቅሎ አዲሱን ብቻውን መተው ነው።

ችግሩ ከዚህ የተለየ ሲሆንስ? ምርመራው ተራ አለው። በመጀመሪያ የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ ተከፍቶ፣ የአዲሱ ዲስክ ስም በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩ ይታያል። ከሌለ፣ ኬብሉና የኤሌክትሪክ መስመሩ ይፈተሻሉ። ዲስኩ ኤም.2 የሚባለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ፣ መልካቸው ቢመሳሰልም ሳታና ኤንቪኤምኢ የተለያዩ ስለሆኑ፣ ማስገቢያው የትኛውን እንደሚቀበል ከማዘርቦርዱ መመሪያ ይረጋገጣል። ስሙ ካለ፣ የመነሻው ቅደም ተከተል ይስተካከላል። በአሮጌ ማሽን ላይ 3 ቮልቷ ክብ ባትሪ ደክማ ከሆነ፣ የተስተካከለው ሁሉ ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ቁጥር ሊጠፋ ይችላል።

ሦስተኛው ጥያቄ የዲስኩ አከፋፈል ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ከፒሲ ዶስ 2.0 ጋር የመጣው ኤምቢአር፣ የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት ይይዛል፤ ከዚያም ውስጥ ለማስነሻው ፕሮግራም የሚተርፈው 446 ባይት ብቻ ነው። በተለመደው አሠራር ከ2 ቴራባይት ገደማ በላይ ያለውን ቦታ አያውቅም። ጂፒቲ የተባለው አዲሱ አከፋፈል ይህን ወሰን ሰብሯል፤ ነገር ግን ዊንዶውስ ከጂፒቲ ዲስክ የሚነሣው ማዘርቦርዱ በዩኢኤፍአይ ሲሠራ ብቻ ነው። የማስነሻ ፋይሎቹም የሚቀመጡት በፋት32 በተዘጋጀ የተለየ ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው። ስለሆነም «ሲ» የሚባለውን ክፍል ብቻ ወደ አዲሱ ዲስክ የገለበጠ ሰው ትልቁን ወስዶ ትንሹን፣ ግን ያለ እርሱ የማይነሣውን ክፍል ረስቷል።

ባሕር ዳር፣ ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ በሶቪየት ኅብረት ትብብር ከተቋቋመበት ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ቴክኒሺያኖች የሚሠለጥኑባት ከተማ ናት። በማንኛውም ዎርክሾፕ የሚሠራው ደንብ እዚህም ይሠራል፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፣ የተደረገውም ይጻፋል። ብዙ ነገር በአንድነት የለወጠ ሰው፣ ኮምፒዩተሩ ቢነሣለት እንኳ ያዳነው ምን እንደሆነ አያውቅም።

ከሁሉም የከፋው ስሕተት ግን አሮጌው ዲስክ ከእንግዲህ አይጠቅምም ብሎ በችኮላ ፎርማት ማድረግ ነው። ከላይ በተጠቀሰው መሥሪያ ቤት ይህ ቢደረግ፣ የማስነሻው ቁልፍና የዓመታት መዝገብ በአንድ ትእዛዝ ይጠፋሉ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ እርሷስ የምትለቅመው አላጣችም። ዊንዶውስ እንደገና ሊጫን፣ ዲስክም ሊገዛ ይችላል፤ አምና በሐምሌ የተለካው የሐይቁ ከፍታ ግን ዘንድሮ ተመልሶ አይለካም። ስለዚህ አዲሱ ዲስክ ብቻውን ተገጥሞ ደጋግሞ እስኪነሣ፣ መዝገቡም በሌላ ሥፍራ መገልበጡ እስኪረጋገጥ ድረስ፣ አሮጌው ዲስክ ስሙና ቀኑ ተጽፎበት በመሳቢያ ውስጥ ሳይነካ ይቀመጥ።