ከሰሌዳው ፊት የሚቆመው



በአሜሪካ ስለ ትምህርትና ዘር በተነሣ ቁጥር የቶፒካ ከተማ የፍርድ ቤት ክርክር ይወሳል። እ.ኤ.አ. በ1954 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 9 ዳኞች ጥቁርና ነጭ ሕፃናትን ለይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲሉ በአንድ ድምፅ ወሰኑ። በዚያው ድል እንጀራቸውን ያጡት ሰዎች ግን እምብዛም አይነሡም።

ፍርዱ ሊሰጥ ዓመት ያህል ሲቀረው የከተማዋ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ለጥቁር መምህራን ደብዳቤ ጻፈ፤ የጥቁር ልጆች ትምህርት ቤቶች ዕጣ ስላልታወቀ ለከርሞ ሥራ ልንሰጣችሁ አንችልም የሚል። በአገሪቱ ደቡብም ጥቁር ልጆች ወደ ነጮቹ ትምህርት ቤት ሲዛወሩ መምህሮቻቸው ተከትለው አልገቡም። በሰፊው በሚጠቀሰው ግምት እስከ 1965 ድረስ በ17 ግዛቶች 38 ሺህ ያህል ጥቁር መምህራንና ርእሳነ መምህራን ከሥራ ወጥተዋል።

ከመምህራኑ ጋር ምን እንደጠፋ የታየው ለሌላ ጉዳይ በተጀመረ ጥናት ነው። በ1980ዎቹ የቴነሲ ግዛት፣ በአንድ ክፍል የተማሪ ቁጥር ማነሱ ይጠቅም እንደሆነ ለማወቅ ሕፃናትንና መምህራንን በዕጣ ደለደለች። ዕጣ ፊት አይቶ አያዳላም። ኢኮኖሚስቶች ከብዙ ዓመታት በኋላ ያንኑ መዝገብ ሲመረምሩ፣ እስከ 3ኛ ክፍል ቢያንስ አንድ ጥቁር መምህር የገጠማቸው ጥቁር ልጆች ሁለተኛ ደረጃን የመጨረስ ዕድላቸው በ13 በመቶ፣ ኮሌጅ የመግባት ዕድላቸው በ19 በመቶ በልጦ አገኙት። አንድ መምህር ብቻ!

በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ምክንያቱን በከፊል ያሳያል። አንዱን ጥቁር ተማሪ አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ መምህር ሲገምቱት፣ ነጩ መምህር «ይህ ልጅ ዲግሪ ይይዛል» የማለቱ ዕድል ከጥቁሩ በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ግምት ደግሞ በልብ ተይዞ አይቀርም፤ እጃቸውን ካወጡት መካከል ማን እንደሚጠየቅ፣ ማን ጠንከር ወዳለው የሒሳብ ክፍል እንደሚላክ ይታይበታል። ነጭ መምህር ጥቁር ልጅ ማስተማር አይችልም ማለት ግን አይደለም። በ1960 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ሌሎች መምህራን እምቢ ሲሉ፣ የ6 ዓመቷን ጥቁር ልጅ ሩቢ ብሪጅስን ዓመቱን ሙሉ ብቻዋን ያስተማረችው ከቦስተን የመጣች ነጭ መምህርት፣ ባርባራ ሄንሪ ነበረች።

«ይህ የጥቁር አሜሪካውያን ጣጣ ነው» የሚል አሜሪካ የሚኖር ሐበሻ ወላጅ አይጠፋም። ልጁ እቤት የጎንደር ወይም የጅማ ልጅ ይሆናል፤ በአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ግን «ጥቁር» በሚለው ሥር ነው።

በ2020–21 የትምህርት ዘመን በአገሪቱ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከተማሪዎቹ 15 በመቶ ገደማ ጥቁሮች ነበሩ፤ ከመምህራኑ 6 በመቶ ያህል። ዛሬ ጋወን ከለበሱት ተመራቂ መምህራን መካከል አንዳንዶቹ በመጪው የትምህርት ዘመን ያን ቁጥር ይቀላቀላሉ። እንኳን ደስ አላችሁ!