ስልኩ ሲጮኽ ማን ያነሣል?

(በማኅበራችን የውይይት ምሽት የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ጉዳያችን የሩቅ አገር ቢሆንም፤ የተጀመረው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስለሆነ እኛንም ይነካል እንላለን። በአሜሪካ፤ በፔንሲልቬንያ፤ የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ምክትል የስፖርት አሠልጣኝ የነበረው ጄሪ ሳንዳስኪ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 ተይዞ፤ በ2012 በሕፃናት ላይ የግብረ ሥጋ ጥቃት በመፈጸም ጥፋተኛ ተባለ። በ2001 ነገሩ የተነገራቸው የዩኒቨርሲቲው ሹማምንት ግን ለፖሊስ ሳያመለክቱ ቀርተው ነበር። ከዚህ የተነሣ ሕግ አውጪዎቹ መምህሩም ሐኪሙም ሌላውም ጥርጣሬውን እንዲጠቁም የሚያስገድደውን ሕግ አስፍተው ከ2015 መባቻ ጀምሮ አጸኑት።

ሕጉ መልካም ነበር። ሆኖም ሕዝቡን «ደውል» ብሎ ያዘዘ መንግሥት፤ ስልኩን የሚያነሡትንም ሰዎች በዚያው ልክ ማዘጋጀት ነበረበት። የክፍለ ግዛቱ ዋና ኦዲተር በ2016 እንደ ገለጸው፤ ቻይልድላይን ወደሚባለው የጥቆማ መቀበያ በ2015 ከተደወለው ውስጥ 42,000 ያህሉ፤ ማለት ከመቶ 22ቱ፤ መልስ ሳያገኝ ቀርቷል። የሠራተኛው ቁጥር ከሥራው ጋር አልተመጣጠነም ነበር። በግድግዳ በኩል የልጅ ጩኸት ሰምታ፤ ፈራ ተባ ስትል ቆይታ የደወለች ጎረቤት፤ ወረፋው ሰልችቷት ከዘጋች ሁለተኛ ለመደወል ልብ ታገኛለችን?

ብዙ ሰው ነገሩን በሠራተኞቹ ስንፍና ያመካኛል። እኛ ግን በሒሳብ ማየቱን መረጥን። የኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ኤርላንግ በ1917 ያሳተመው የወረፋ ስሌት ዛሬም ይሠራል። በሰዓት 20 ጥሪ ይመጣል፤ እያንዳንዱም በአማካይ 12 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ሥራው በትክክል የ4 ሰው ነው። ነገር ግን 4 ሰው ብቻ ቢመደብ፤ ጥሪ ተራ ጠብቆ ስለማይመጣ፤ ወረፋው እየረዘመ ይሄዳል እንጂ አያልቅም። 5 ሲሆኑ ደዋዩ በአማካይ 6 ደቂቃ ተኩል ይጠብቃል። 6 ሲሆኑ ወደ 1 ደቂቃ ከ43 ሴኮንድ ይወርዳል፤ በ7 ሰው ወደ ግማሽ ደቂቃ! እንግዲህ ከ5ቱ አንዱ ታሞ ቢቀር ምን እንደሚሆን አስቡት። ያለ ሥራ የተቀመጠ የሚመስለው ሰባተኛው ሰው ነው ወረፋውን የሚሰብረው፤ በጀት ሲቀነስ ግን መጀመሪያ የሚባረረው እሱ ነው። (የገንዘብ ሹሞች ይህን ስሌት ቢያጠኑ ባልከፋ።)

ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ «በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች ለምን አይረዱም?» ብለውናል። በእንግሊዝ አገር በ1986 የተቋቋመው ቻይልድላይን በጎ ፈቃደኞችን አሠልጥኖ ልጆችን ያነጋግራል። ያ ግን ልጁን ማዳመጥና ማጽናናት ነው፤ የፔንሲልቬንያው ደግሞ በሕግ ፊት የሚቆም ጥቆማ ይመዘግባል። የልጁን አድራሻ፤ አደጋው የዛሬ ሌሊት መሆን አለመሆኑን፤ ተጠርጣሪው እዚያው ቤት ማደሩን ለይቶ መጠየቅ ልምድ ይፈልጋል። ፈተና ሲደርስ የሚጠፋ ተማሪ የሌሊት ተራ ሊሰጠው አይገባም።

ስለዚህ ቅጥሩ ሕጉ ከመጽናቱ ከወራት በፊት ይጀመር፤ አዲስ ሰው ሥልጠና ሳይጨርስ ስልክ አያነሣምና። ፈረቃውም ጥሪ የሚበዛበትን ሰዓት ይከተል። የመምህራን ጥቆማ ትምህርት ቤት ሲከፈት እንደሚጨምር፤ ሲዘጋም እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። በየወሩ የሚወጣው ዘገባም የተመለሱትን ጥሪዎች ብቻ አይቁጠር፤ ሳይነሡ የተቋረጡት ስንት እንደሆኑ፤ በስንት ሰዓት እንደተደወሉ፤ በዚያ ሰዓት ስንት ተረኛ እንደነበረ ጎን ለጎን ይጻፍ።