ወንድ ራስ ነው ማለት ምን ማለት ነው?

በራዲዮ የተነገረ



ዛሬ የምነግራችሁ አብያተ ክርስቲያናት ስለ ሴትና ስለ ወንድ እኩልነት ያላቸውን አስተያየት ነው። ይህን አርእስት እንድመርጥ ያደረገኝ ያነበብሁት መጽሐፍ ሳይሆን አንድ የልቅሶ ድንኳን ነው።

በምኖርበት በጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ በእንጦጦ እግር ሥር ባለው ሠፈር፣ አንድ ሸማኔ ጎረቤታችን በቅርቡ ዐረፈ። ስሙን አልጠራም። ሠፈሩን የምታውቁ ሁሉ እንደምታስታውሱት፣ በሽሮ ሜዳ በቆየው ልማድ ወንዱ ይሸምናል፣ ሴቷ ትፈትላለች። ሟቹ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ትቶ አለፈ፤ አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት፣ ሁለቱም ተማሪዎች ናቸው። በሦስተኛው ቀን ዘመዶቹ ተማከሩና፣ ወንዱ ልጅ ትምህርቱን ይቀጥል፣ ልጅቷ ግን ትምህርቷን ትታ ከእናቷ ጋር ትፈትል፣ ቤቱንም ትያዝ ሲሉ ቈረጡ። ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ «ወንድ ራስ ነው፤ ሃይማኖታችንም ያዘዘው ይህንኑ ነው» አሉ።

እድር ሃይማኖት አይለይምና በዚያው አግዳሚ ላይ ሦስት ጎረቤቶቼ ተቀምጠው ነበር። አንዱ ኦርቶዶክስ፣ ሁለተኛው ካቶሊክ፣ ሦስተኛው የመካነ ኢየሱስ ምእመን ናቸው፤ ሦስቱም እንደ ብዙዎቻችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ይህን ቃል በሰሙ ጊዜ፣ ሴትን አብልጣ የምታከብር የማን ቤተ ክርስቲያን እንደ ሆነች ይከራከሩ ጀመር። ክርክሩ ሲግል ልጅቷ ንፍሮ ይዛ በመካከላችን ታልፍ ነበር። ሁሉን ሰማች። ስለ እርሷ ግን አንድ ቃል የተናገረ አልነበረም። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት፣ «እናንተ ልጆቼ ስለ መቅደስ ትከራከራላችሁ፤ የኛ ነገር ያለው ግን እዚህ ጓዳ ውስጥ ነው» አሉ። ነገሩ እስከ አርባው ይቈይ ተባለና ተበተንን። እኔም ካልተናገሩት አንዱ ነበርሁ። የዛሬው ንግግሬ የዚያን ዝምታ ዕዳ መክፈያ ነው።

እስቲ በድንኳኑ የተነሣውን ክርክር በቅደም ተከተል እንመልከተው። የውጭ አገሩን ዘመን የምጠራው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ክህነት የወንድ ብቻ ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች፤ ይህም መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40 ቀን፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት ገቡ ከሚለው ጋር የተያያዘ ሥርዓት ነው። አንዳንዱ ሰው ይህን የቀን ልዩነት የክብር መበላለጥ አድርጎ ይተረጕመዋል። ነገር ግን ጥምቀቱ አንድ ነው፣ ሜሮኑም አንድ ነው፤ ለሴት ተብሎ ግማሽ ጥምቀት የለም። በተክሊል ሥርዓትም ዘውዱ የሚደፋው በሙሽራው ራስ ላይ ብቻ ሳይሆን በሙሽራይቱም ራስ ላይ ነው። በላያችን በተራራው ባለችው በእንጦጦ ማርያምም በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ዘውድ ከጫኑ ከሁለት ቀን በኋላ እቴጌ ጣይቱ ዘውድ ጭነዋል።

ደግሞም ቅድስት ወለተ ጴጥሮስን እናስብ። ንጉሥ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ በተቀበሉ ዘመን፣ ይህች ሴት የንጉሡ ሹም የነበረውን ባሏን ትታ መነኰሰች፤ ለአባቶቿ ሃይማኖት ተከራከረች፤ በጣና ዙሪያም የወንድና የሴት መነኮሳት ማኅበር አቋቁማ እስከ ዐረፈችበት እስከ 1642 ድረስ መርታለች። ይህን የማነሣው የቆየ ቍስል ለመነካካት አይደለም። ወንድ ራስ ነው የሚለው ቃል የሴትን ኅሊና ለባሏ አሳልፎ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ፣ ቤተ ክርስቲያን ባሏን ትታ ንጉሥን የተቃወመችውን ሴት ቅድስት ብላ ባልጠራቻት ነበር ለማለት ነው። ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብም ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም ጉባኤ ዘርግተው ለወንዶች ተማሪዎች ቅኔ አስተምረዋል። ወንበሩን ያስገኘላቸው ዕውቀታቸው ነው።

ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንለፍ። ጳጳስ ዮሐንስ 23ኛ በ1963 ባወጡት መልእክት፣ ሴቶች በቤትም በአደባባይም የሰውነት ክብራቸው እንዲጠበቅላቸው መጠየቃቸውን ከዘመኑ ምልክቶች እንደ አንዱ ቈጠሩት። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1965፣ በሰው መሠረታዊ መብት ላይ በጾታ ምክንያት የሚደረግ ማበላለጥ የእግዚአብሔርን ፈቃድ የሚቃወም ስለ ሆነ ሊወገድ ይገባዋል ሲል ወሰነ። በ1970 ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛ ሁለት ሴቶችን፣ ቴሬዛ ዘአቪላንና ካታሪና ዘሲየናን፣ የቤተ ክርስቲያን መምህራን ብለው ሰየሙ፤ ከዚያ በፊት ይህ ማዕርግ ለሴት ተሰጥቶ አያውቅም ነበር። ስለ ክህነት ግን ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1976 በወጣ መግለጫ፣ ኋላም በ1994 ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በጻፉት ደብዳቤ፣ ጌታ 12ቱን ሐዋርያት ከወንዶች ስለ መረጠ ሴትን ለመካን ሥልጣን የለኝም ብላለች። ይህ ውሳኔ በራሷ ምእመናን መካከል እንኳ ያከራክራል። ይሁን እንጂ አስተዳደሩ ከክህነት እየተለየ መታየት ጀምሯል። በጥር ወር 2025 ጳጳስ ፍራንሲስ የኮንሶላታ ማኅበር መነኵሲት የሆኑትን እኅት ሲሞና ብራምቢላን የመነኮሳትን ጉዳይ ለሚመራው የቫቲካን መሥሪያ ቤት የበላይ አድርገው ሾሙ። ይህ መሥሪያ ቤት በእኛ አነጋገር ሚኒስቴር እንደምንለው ያለ ነው፤ እንዲህ ባለ ሹመት ላይ ሴት ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ እርሳቸው ናቸው።

በወንጌላውያን በኩል ያለው ሐሳብም አንድ ወጥ አይደለም። የስዊድን ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ቄስ እንዲሆኑ በ1958 ፈቅዳ በ1960 ሾማለች። በ1959 የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስም ብዙ ዓመት ከተወያየች በኋላ በ1997 ወስና፣ የመጀመሪያዋን ሴት ቄስ በ2000 ሾመች። ነገር ግን የሴቷ ሥራ የጀመረው ከሹመቱ እጅግ ቀድሞ ነው። ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ 15,000 ያህል የኦሮምኛ ቃላት ሰብስባ፣ በ1899 በታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጕም ላይ አናሲሞስ ነሲብን ረድታለች፤ ኋላም በወለጋ አስተማሪ ሆናለች። በዚያ ዘመን «ትፈትል፣ ቤት ትያዝ» ተብላ ቀርታ ቢሆን ኖሮ፣ የጎደለው የእርሷ ዕድል ብቻ አይሆንም ነበር።

እንግዲህ ሦስቱ የሚለያዩበት ቦታ ግልጽ ነው፤ በመሠዊያው ፊት ማን ይቆማል በሚለው ነው። ይህን የሚቈርጡት ሊቃውንቶቻቸው ናቸው፤ እኔ በዚያ ፈራጅ አይደለሁም። ሴት በሰውነት ክብሯ ከወንድ ታንሳለች የሚል ትምህርት ግን በሦስቱም ዘንድ አላገኘሁም። በእግዚአብሔር አርኣያ የተፈጠሩት ወንዱም ሴቷም እንደ ሆኑ ኦሪት ዘፍጥረት ይነግረናል። ቅዱስ ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ በክርስቶስ የተጠመቁትን ሁሉ፣ ወንድና ሴት ሳይል፣ አንድ አድርጎ ይቈጥራቸዋል።

«ታዲያ ለኤፌሶን ሰዎች የጻፈው ወንድ የሴት ራስ ነው የሚለውስ?» ትሉኝ ይሆናል። መልካም፤ ምዕራፉን ከፍ ብለን ከጀመርነው አስቀድሞ የምናገኘው ሁሉም እርስ በርስ እንዲገዛዙ የተሰጠውን ትእዛዝ ነው። ወረድ ስንልም ባል ሚስቱን የሚወድበት ልክ ተነግሮታል፤ ልኩም ክርስቶስ ራሱን ስለ ቤተ ክርስቲያን አሳልፎ የሰጠበት ነው። የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበ ጌታ ነው ለራስነት ምሳሌ ሆኖ የተሰጠን። ስለዚህ በአንድ ቤት ችግር ሲገባ አስቀድሞ ሸክሙን ሊያነሣ የሚገባው ራስ የተባለው ነው እንጂ፣ በእኅቱ ትከሻ ላይ አስቀምጦ የሚሄድ አይደለም። የዘመዶቹ አነጋገር ቃሉን ከመጽሐፍ ወስዶ ትርጕሙን ገልብጦታል።

ይህ ለእኛ ለጸሓፊዎችና ለሹማምንት ሩቅ ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ የበላይ አድርጎ፣ ሴት በ15፣ ወንድ በ18 ዓመት እንዲያገቡ ይፈቅድ ነበር። በአዲስ አበባ የሚሠራው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፣ ዐዋጅ ቍጥር 213፣ ዕድሜውን ለሁለቱም 18 አድርጎ፣ ቤተ ሰቡን በመምራት ለባልና ለሚስት እኩል መብት ሰጥቷል። እኛም በመሥሪያ ቤታችን እኩልነት የሚል ደብዳቤ እንጽፋለን፣ ማኅተምም እናሳርፍበታለን። ማታ ግን ከሚስታችን ጋር ከሥራ እኩል ተመልሰን፣ እርሷ ወደ ጓዳ ስትገባ እኛ ጋዜጣ እንዘረጋለን። ይህን ጽሑፍ በዚያ ሰዓት የምታነቡ ካላችሁ፣ አንቀጹን ጨርሳችሁ ተነሡ።

ከሠፈራችን ወረድ ብሎ በስድስት ኪሎ በኩል ያለው፣ ኋላ የካቲት 12 የተባለው ትምህርት ቤት በ1931 በእቴጌ መነን ስም ሲከፈት ለሴቶች ልጆች ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመን አልፏል! ዛሬም በዚያው መንገድ ዳር አንዲት ልጅ ደብተሯን ልታስቀምጥ ነው።

የጎረቤታችን አርባ የሚውለው በመጪው ሳምንት ነው። እኔ በዚያ ቀን የማቀርበው ቃል ይህ ነው፤ እድራችን ለአንድ ዓመት ለሁለቱም ልጆች የደብተርና የልብስ ወጪ ያዋጣ፤ ቤቱንም ወንድምና እኅት ተካፍለው ይርዱ፤ ውኃ መቅዳትና ቤት መጥረግ ክህነት አይጠይቅም። ሦስቱ ጎረቤቶቼ ይህን ከሰሙ፣ የየቤተ ክርስቲያናቸውን ክብር የሚያስመሰክሩበት ጊዜ ያ ቀን መሆኑን ይወቁልኝ። በእናንተም ሠፈር እንዲህ ያለ ድንኳን አይታጣምና፣ እንደ እኔ ዝም ብላችሁ እንዳትወጡ እለምናችኋለሁ።

ሸማ ያለ ድርም ያለ ማግም አይሠራም።