ከተማ፦ የሚያድርባትና የሚውልባት



ሉዊስ ዊርዝ በ1938 እ.ኤ.አ. ከተማን ልዩ ልዩ ሰዎች ተጠጋግተው፣ በብዛትና በቋሚነት የሚኖሩባት ሥፍራ ብሎ በየነ። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራችን በመርሕ 2,000 ነዋሪ ያለውን ሥፍራ ከተማ ሲል፣ የወረዳ መቀመጫዎችን ግን ቁጥራቸው ቢያንስም አካትቷል። የእነማይዋ ብቸናና የሁለት እጁ እነሴዋ ሞጣ በዚህ ከተሞች ናቸው።

ሁለቱም ብያኔዎች የሚያዩት በዚያ የሚያድረውን ነው። ጤፉን ጭኖ ብቸና ገበያ የሚውለው፣ ሞጣ ጊዮርጊስን ሊሳለም የሚመጣው ገበሬ ከስሌቱ ውጭ ነው። ሱቁና ወፍጮው የሚንቀሳቀሱት ግን በእርሱም ጭምር ነው። በነዋሪ ቁጥር ብቻ የታቀደ ውኃና መጸዳጃ በገበያ ቀን ያንሳል።

ስለዚህ ከተማ በሚያድርባትም በሚውልባትም ልትበየን ይገባል እላለሁ። ለመስክ ሥራ ስትወጡ፣ ቤት ከመቁጠራችሁ በፊት በገበያ ቀን ከከተማዋ መግቢያ ቆማችሁ የሚገባውን ሰው ቁጠሩ።