በጣና ላይ ስለሚደረግ የጀልባ ጉዞና ስለ ሕጉ አከባበር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ደብረ ሲና ሐይቅ የላትም፤ ታዲያ ስለ ጀልባ ማን ጠየቀህ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ነገር ግን ከመካከላችን ለትምህርት ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ አለ፤ ናርጋ ሥላሴን ለመሳለም ጣናን የሚሻገር ወላጅም አይታጣም።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አይበልጥም። ይህ አያታልለን። ጥልቀቱ ባነሰ ውኃ ላይ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ይሆናል። ነፋሱ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ ዐዋቂ ጀልበኛ በማለዳ ይነሣል። የደንገል ታንኳም ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ፥ በየጊዜው ወጥቶ በፀሐይ ካልደረቀ አይታመንም።

እኔ ከሁሉ የምፈራው ግን ከልክ በላይ መጫንን ነው። ለአሥር ሰው የተሠራ ጀልባ አሥራ አምስት ሰውና የእህል ጆንያ ቢጭን ጠርዙ ከውኃው ጋር ሊተካከል ይደርሳል። ማዕበል ሲገባበት ሰዉ ደንግጦ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል፤ ያን ጊዜ ይገለበጣል። የሕይወት አድን ሰደርያውስ ከመቀመጫ ሥር ታስሮ ቢገኝ ለማን ይጠቅማል?

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543፥ እንደ ሐኪም ወይም እንደ አሽከርካሪ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ቢገድል ቅጣቱ እንደሚከብድ ይናገራል። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ቢሞቱ ጽኑ እሥራት ያስፈርዳል። ጀልባ ነጂም ከዚህ የሚያመልጥ አይመስለኝም። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የሚመጣው ከቀብር በኋላ ነው።

የጣርማ በርን ቁልቁለት እያየን ላደግን ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ከዋሻው ወደ ከተማችን የሚወርድ የጭነት መኪና ፍሬኑ ከጋለ በኋላ ፖሊስ ቢያፏጭበት ምን ያቆመዋል? መመርመር ያለበት ከላይ፥ መውረድ ሳይጀምር ነው። በጣናም የተቆጣጣሪው ቦታ ወደቡ ነው፤ ሰዉን ቈጥሮ፥ ሰደርያ አስለብሶ፥ ሰማዩን አይቶ መልቀቅ፥ አለዚያም መከልከል።

መከልከሉ ግን ቀላል አይደለም። የደቅ ደሴት ሰው ገበያውም ሐኪሙም ከውኃው ማዶ ነው። ለተከለከለው ሰው ሁለተኛ ጀልባ ካልተዘጋጀለት፥ ተቆጣጣሪው ዞር ሲል መሳፈሩ አይቀርም።

እናቶቻችንና አባቶቻችን፥ በዚህ ዓመት ወደዚያ የምትሻገሩ ካላችሁ፥ ከመሳፈራችሁ በፊት ጀልበኛውን «ስንት ሰው ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁልን።